የባሻይ እቁባዝጊ ዶሴ

ኤድመንተን፣ ሎንደን
ጥር 11 ቀን 2024

እህቴ ለተንስኤ፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? የኔ ደረጃ ሲያይ ያለቅሳል፤ ሌላው እግዜር ይመስገን ደህና ነው። መልሴ ስለዘገየ ይቅር በይኝ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንዳትዪ። ስልኩ እየተቆራረጠ "ሃሎ፣ ሃሎ" ስንባባል ነው ካርዱ የሚያልቀው፤ ደግሞ ያንቺ ስልክ በተነሳ ቁጥር ጎረቤት ሁሉ ሰላም ሊለኝ ይሰለፋል። እኔ የምፈልገው አንቺን ብቻ ነው። ይህን የያዘልሽ የማነ ነው፤ አስመራ ይመላለሳል፣ የሰው ፖስታ አይከፍትም። በአማርኛ መጻፌንም አትታዘቢኝ። ትግርኛውን እናወራዋለን እንጂ ብዕር ያስጨበጡን በአማርኛ ነው፤ በዚህ ዕድሜ እጅ አይታረም።

"ከሞተ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰን ሰው በወረቀት ውስጥ የምታሳድጂው ለምንድን ነው?" ላልሽኝ፣ መልሱ ይኸው። እዚህ ጊዲዮን የሚባል የመንደራችን ልጅ አለ፤ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሻንጣ ይሸጣል፣ የማይ ዳእሮ ማኅበር ጸሐፊም እሱ ነው። የመንደሩን የትውልድ መጽሐፍ እያሰናዳ ነው። ማን ማንን ወለደ፣ ጣሊያን ምን ወሰደ፣ እንግሊዝ ምን አደረገ፣ ሁሉም ይገባበታል። ለአያታችን ለባሻይ እቁባዝጊ ብቻ ስድስት ገጽ ትቶለታል። መቼም ታሪኩን የማያውቅ የለም። ጣሊያኑ ሜዳችንን ነጥቆ ወይን ተከለበት። እንግሊዝ ጣሊያንን አሸንፎ ሲገባ መሬታችን ሊመለስ ነው ብለው እልል አሉ፤ እንግሊዝ ሆዬ ለዚያው ለጣሊያን አጸናለት። ሰዎች አጥሩን ነቅለው ከብት አስገቡበት። አያታችንን፣ አቦሓጎን፣ አሰሩት፣ "የነቀሉትን ስም ስጥ" አሉት፣ አልሰጠም። እዚህ ለቅሶ ቤት እንኳ "አፉ እንደ ባሻይ እቁባዝጊ የተቆለፈ" ሲሉ እሰማለሁ፤ ትከሻዬ ይሰፋል።

ኪው የሚባል ሰፈር የእንግሊዝ መንግሥት መዝገብ ቤት አለ፤ የኤርትራ ዘመናቸው ወረቀት እዚያ ነው። የአንባቢ ካርድ አፕላይ አድርጌ አወጣሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየማክሰኞው ሄጃለሁ። ብዕር አያስገቡም፣ እርሳስ ብቻ። ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል ወለል የወለወለች ሴት፣ ይኸው ዶሴ በትራስ ላይ አስቀምጠውላት "ማዳም" ይሏታል።

ከአንቺ የምፈልገው ወረቀት የማይዘውን ነው። አንቺ ከሱ ጋር አድገሻል። እኔን በስምንት ዓመቴ አውቶብስ ላይ አሳፍሮ አስመራ ለመነኮሳቱ ላከኝ፤ የማስታውሰው ጀርባውን ብቻ ነው። በምን ይስቅ ነበር? ምን ይወድ ነበር? ስለኔስ ያነሳ ነበር? ምንም አታስቀሪብኝ።

እህትሽ አኸዛ


ማይ ዳእሮ
መጋቢት 5 ቀን 2024

እህቴ አኸዛ፣

መነጽሩ ደርሶኛል፤ ይህን የምጽፍልሽ እሱን አድርጌ ነው። ዓይንሽ አይጥፋ። እኛ ደህና ነን፣ ዝናቡ ብቻ ዘገየብን።

ጻፊ ካልሽ ልጻፍ። እናታችን ስትሞት አምስት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ጠጉሬን የሚያበጥረው እሱ ነው። ያ ለጣሊያን በሊቢያ በረሃ የተዋጋ ሰውዬ፣ እሑድ ከቅዳሴ በፊት በጉልበቱ መሐል አስቀምጦኝ አንዷን ጉንጉን ሦስቴ እየፈታ ይሠራት ነበር። ሴቶቹ ይስቁበታል፤ እሱ እቴ፣ ግድም የለው። ስኳር በኪሱ ይዞልኝ ይመጣል። ከሱ ሳህን ካልሆነ አልበላም ብዬ አስቸግረው ነበር። "ዓይኔ" ይለኛል እንጂ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። የሚስቀው በፍየል ነው። አንዷ ፍየል የወታደርነት ኮፍያውን በላችበትና ቀኑን ሙሉ እንባው እስኪወርድ ሲስቅ ዋለ።

ስላንቺ ያነሳ እንደሆነ ላልሽው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አያነሳም ነበር። ሰው ሲያነሳበትም ወሬ ይለውጣል። አትዘኝብኝ፣ ጠይቀሽኝ ነው።

ወረቀቱን ግን ተዪው። ስድስት ገጽ የሚሞላ ነገር መንደሩ በቃሉ ያውቃል። የሞተ ሰው በዶሴ አይመረመርም።

ለተንስኤ


ኤድመንተን
ሚያዝያ 21 ቀን 2024

ለተንስኤ፣

"ተቀየመች እንዴ?" ብለሽ በየማነ ላክሽብኝ አሉ። አዎ፣ ተቀይሜአለሁ። በማን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ደብዳቤሽን አራቴ አነበብኩትና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላ ጀመር።

ስኳር! እኔ መነኮሳቱ ቤት ዘጠኝ ዓመት ስኖር አንድ ቀን ብቅ አላለም። የሌሎቹ ልጆች አባቶች እሑድ እሑድ ይመጣሉ፤ እኔ በር በሩን ሳይ እውላለሁ። በዓመት አንዴ በአውቶብስ ሹፌር እጅ አንድ ቅርጫት በለስ፣ እሱም ግማሹ ተጨፍልቆ። በቃ! ጠጉሬን መነኮሳቱ ቅማል እንዳይገባበት ላጩት፤ ያኔ ነው ላንቺ ጉንጉን ሦስቴ የሚፈታልሽ። ወይ ጉዴ፣ ሰባ ዓመት ሞልቶኝ በማበጠሪያ ልቅና? ቀናሁ። አፈር ልብላና ቀናሁ። ስደት ያየሁት፣ ልጅ ያሳደግኩት፣ ባል የቀበርኩት ሴትዮ ኪስ ውስጥ በሟሟ ስኳር ቀናሁ። ለማን ይወራል? ለልጄ ለሚኪኤል ብነግረው "ማሚ፣ ኢት ዋዝ ሲክስቲ ይርስ አጎ" ይለኛል። ለሱ ቀላል ነው።

የሆነው ሆኖ፣ እኔም የራሴ አለኝ። ባለፈው ማክሰኞ ዶሴው ተገኘ። ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ መንደሩ፣ ከሥሩ የአውራ ጣቱ አሻራ። አጠገቤ ያሉት ፈረንጆች እንዳያዩኝ ተደብቄ አውራ ጣቴን አጠገቡ አደረግኩ። ትልቅ ጣት ነበረው። ለተ ያልነካችው አንድ ነገር አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ፤ ሐሰት አልነግርሽም።

ዶሴው ውስጥ ሌላም ነገር አለ። እሱን ለጊዜው ሆድ ይፍጀው።

አኸዛ


ማይ ዳእሮ
ሰኔ 9 ቀን 2024

አኸዛ፣

መንገደኛ ስላገኘሁ በችኮላ ነው የምጽፈው።

በስልክ "ብነግርሽ ትፈልጊያለሽ?" ላልሽኝ፣ አልፈልግም። ለጊዲዮንም አታሳዪው። ምን እንዳለበት አልጠየቅኩሽም፣ አልጠይቅሽምም። እዚያው ባገኘሽበት ተዪው።

አንቺ ያገኘሽው ወረቀት ነው፤ እኔን ያሳደገኝ ሰው ነው። ሲሞት ራሱን ያስደገፍኩት በጭኔ ነበር፤ አንቺ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ አስመራ ተቀምጠሽ ለቀብሩ እንኳ አልደረስሽም። አሁን ከሎንደን ሆነሽ በአያቴ ታዥበት ጀመር?

ለተንስኤ


ኤድመንተን
ሐምሌ 2 ቀን 2024

ለተንስኤ፣

"አያቴ"! "አያታችን" ማለት አቃተሽ? ለቀብሩ ያልደረስኩት ጦርነት መንገዱን ዘግቶት ነው፤ ታውቂያለሽ፣ አውቀሽ ነው የወጋሽኝ። እሺ። እንግዲያው እንካፈለው።

ከዚህ ጋር የዶሴው ኮፒ አለ። በእንግሊዝኛው እንዳትቸገሪ ተርጉሜልሻለሁ። "እኔ እቁባዝጊ፣ የማይ ዳእሮ ሰው፣ በገዛ ፈቃዴ እንደምናገረው፣ አጥሩን የነቀሉት ሰዎች አለቃ ባራኺ ነው። ሲነቅል በዓይኔ አይቼዋለሁ።" ነሐሴ 1946። ከሥሩ ያ የአውራ ጣት አሻራ። በማግስቱ ተፈታ። ባራኺ ሁለት ዓመት ተፈረደበት፣ በሰባተኛው ወር እዚያው እስር ቤት ሞተ።

ባራኺ ማን እንደሆነ ለአንቺ አይነገርም፤ የባልሽ የጢሞቴዎስ አያት ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የኖርሽበት፣ ልጆች የወለድሽበት ቤት አቦሓጎ ያፈረሰው ቤት ነው። አፉ የተቆለፈው ሰውዬሽ ይኸውልሽ። ጠጉርሽን ያበጠረው እጅም ይኸው ነው።

አኸዛ


ኤድመንተን
ጥቅምት 20 ቀን 2024

ለተ፣ እህቴ፣

ሦስት ወር ከአሥራ ስምንት ቀን ሆነ። ስልክ ስደውል "ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች" ይሉኛል። ሦስት ወር ሙሉ ቤተ ክርስቲያን የሚውል ሰው አላውቅም፣ አባ እንኳ ምሳ ይወጣሉ።

ፖስታውን ለመንገደኛው የሰጠሁት ካሌዶኒያን ሮድ ነው። ከእጄ እንደወጣ ተከትዬው ሮጥኩ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ስሙን እየጠራሁ፤ አውቶብስ ገባና ሄደ። እዚያ ፌርማታው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ የማስበው ልጆችሽን ነው። የባራኺ ዘር ናቸው። ሰምተው ይሆን? አኮረፉሽ ይሆን? ልጅሽ ሃርነት ስልክ ስታነሳ ድምፅዋ ቀዝቃዛ መሰለኝ። ከቤት ያወጡሽ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ፣ ሌላ ምንም አትጻፊ።

ኪው ድጋሚ አልሄድኩም። ለጊዲዮን "ምንም አላገኘሁም" አልኩት። እሱ ደግሞ ጥር መጨረሻ ስብሰባ አለ፣ ስለ ባሻይ ታነቢልናለሽ ብሎ ስሜን ፕሮግራም ላይ አትሞታል። ምን ልበል? አንቺ እስክትናገሪ አፌን አልከፍትም።

እውነቱን ማወቅ አለባት ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ውሸቴን ነው። ፍቅርሽን ላበላሽብሽ ብዬ፣ እኔ ያላገኘሁትን አንቺም እንዳይኖርሽ ብዬ ነው የወረወርኩብሽ። ይኸው ተናገርኩ።

አኸዛ


ማይ ዳእሮ
ጥር 8 ቀን 2025

አኸዛ፣

ማንም አላስወጣኝም። ልጆቼ አልሰሙም። ኮፒውን አንብቤ ዕለቱኑ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። ያቃጠልኩትም አዲስ ነገር ሆኖብኝ አይደለም፤ ይህን ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የነገረኝ ራሱ ነው፣ ከሠርጌ ሦስት ቀን አስቀድሞ።

ከእስር ሲመለስ "ገረፉኝ፣ አልተናገርኩም" አለ፤ ሰው አመነው። ባራኺ ሲሞት ግን አንጀቱ ተቃጠለ። አሥራ አምስት ዓመት ተሸክሞት ኖሮ በመጨረሻ ንስሐ ገባ፤ አባ "ለኔ ተናግረህ አትድንም፣ ለባራኺ ቤት ተናገር" አሉት። ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ደጃቸው ወደቀ። አራት ሽማግሌ በምሥጢር ተቀመጠ። እኛ አገር ደም በምን እንደሚታረቅ አልረሳሽም። የበዳይ ቤት ሴት ልጅ ትሰጣለች፣ የሁለቱን ቤት ደም የቀላቀለ ልጅ ትወልዳለች፣ ከዚያ ወዲያ ነገሩን ያነሳ የተረገመ ነው። ዝም ያልኩሽ በዚህ መሐላ ነው።

የባራኺ ቤት የጠየቁት ታላቂቱን ነበር። አንቺን።

አውቶብስ ላይ የተሳፈርሽው በዚያው ሳምንት ነው። ለሽማግሌዎቹ "አኸዛን እናቷ ስትሞት ለመነኮሳት ተስላታለች፤ የእግዚአብሔርን ልጅ መስጠት አልችልም" አላቸው። ውሸት ነው። እናታችን የተሳለችው ነገር የለም። የተሳለች ልጅ ደግሞ ቤተሰብ እየሄደ አያያትም፤ አንድ እሑድ ብቅ ቢል ውሸቱ ይታወቅበታል። ስምሽን የማያነሳውም ለዚያ ነው። በለሱን ራሱ ለቅሞ፣ እሾሁን አንድ በአንድ ነቅሎ ነበር ለሹፌሩ የሚሰጠው፣ ጣቶቹ እስኪያብጡ። ይህንን ባለፈው አልጻፍኩልሽም። ምንም አታስቀሪ ብለሽኝ አስቀረሁብሽ፣ ቀንቼ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ እኔን ጠየቁ። አምስት ዓመቴ ነበር።

ስኳሩስ ለምን ይመስልሻል? ማበጠሪያው፣ "ዓይኔ" ማለቱ? ለበዓል የሚቀለብ በግም ይቀማጠላል። ጢሞቴዎስ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ነፍሱን ይማረው። የባራኺ ሚስት ግን፣ ያቺ አሮጊት፣ ሰባት ዓመት ከእጄ ውሃ አልጠጣችም። ትቀበለኝና እያየኋት መሬት ላይ ታፈሰዋለች፤ እኔ ዝም ብዬ ደግሜ እቀዳለሁ። ያኔ አንቺ ከአስመራ ፎቶ ላክሽልኝ፣ ቢሮ ውስጥ በጽሕፈት መኪና ፊት ተቀምጠሽ፣ ጫማሽ ተረከዝ ያለው። ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ፊቱን አዞርኩት።

ሊሞት ሲል ጠየቅኩት። "እሷን ስታድን እኔን ለምን አላዳንከኝም?" አልኩት። "አንቺን ሲጠይቁኝ ውሸቴ አልቆ ነበር" አለኝ። ሃምሳ ዓመት ይህን መልስ አላምጬ አልዋጥኩትም። ወደደኝ? አዎ ወደደኝ። ያዳነው ግን አንቺን ነው።

አንቺ በማበጠሪያ ቀናሁ ትያለሽ። እኔ የቀናሁት በሕይወትሽ ነው።

አንቺ መሐላው ውስጥ የለሽበትም። መጽሐፉን እንደወደድሽ አድርጊ።

ለተንስኤ


ኤድመንተን
የካቲት 16 ቀን 2025

ለተ፣

ሃርነት ደውላ "እማዬ ደብዳቤው ደረሳት ወይ፣ ምን አለች ብላለች" አለችኝ። የተሰማኝን ልንገርሽ፤ ብትረግሚኝም ይሁን።

የማነ ፖስታውን የሰጠኝ ካሌዶኒያን ሮድ፣ ማኅበሩ የሚሰበሰብበት አዳራሽ በር ላይ ነው። ቤቴ እስክደርስ መቼ ታግሼ፣ 259 አውቶብስ ላይ ከፈትኩት። መጀመሪያ የተሰማኝ ስላንቺ ማዘን አልነበረም። ደስታ ነው። "ወዶኝ ነበር ለካ!" ብዬ ጮህኩ፤ አጠገቤ ያለችው ልጅ ከጆሮዋ ማዳመጫውን አውልቃ "አር ዩ ኦኬ?" አለችኝ። ያንን እሾህ ሲነቅል ታየኝና ሳቅሁ። ሴቨን ሲስተርስ እስክንደርስ እንደ ሕፃን ደስ ብሎኝ ነበር፣ ስልሳ ዓመት የራበኝን በልቼ ጠግቤ። ቶተንሃም ላይ ያቺ ውሃ የምታፈስ አሮጊት ትዝ አለችኝ። ያን ጊዜ የበላሁት ያንቺን ድርሻ መሆኑ ገባኝ። ኤድመንተን ደርሰን ሰው ሁሉ ሲወርድ መነሳት አቃተኝ፤ ሹፌሩ መጥቶ "ማዳም፣ የመጨረሻው ፌርማታ ነው" አለኝ።

ስብሰባው ላይ አላነበብኩም። ለጊዲዮን "'አፉን አልከፈተም' የሚለውን ከመጽሐፉ አውጣው" አልኩት። "ዶሴው ምን ይላል?" አለኝ። "ዶሴውን እኔ ዘግቼዋለሁ" አልኩት። አኮረፈኝ፤ ስድስቱን ገጽ ወደ አንድ አወረደው። ልደቱ፣ ሞቱ፣ የዘሩ ስም። "ሴት ልጆችን አንጽፍም" ሲለኝ ግን አዳራሹ እስኪሰማ ተጣላሁት። ተጽፈሻል። ከኔ ስም በላይ ነው ያስጻፍኩሽ፣ ታላቂቱ እኔ ብሆንም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። በዕርቅ የተዘጋን ነገር ከፍቼ፣ አውቄ፣ እንዲያምሽ ብዬ ላክሁብሽ። ይህ በስልክ ይቅርታ የሚባልበት አይደለም። ሽማግሌም አልልክብሽም፤ የምናውቃቸው ሁሉ አልቀዋል። የበዳይ ቤት ሴት ልጅ ትሰጣለች አላልሽም? በዳይዋ እኔ ነኝ፣ የምሰጣት ሴት ልጅም ከራሴ በቀር የለችኝም። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ጉልበት የለኝም፣ አፌ ክፉ ነው፣ ለሥራም ብዙ አልረባም። ለሚኪኤል ነግሬዋለሁ፤ አልቅሶ አልቅሶ ትኬት ቼክ አደረገልኝ። ከፋሲካ በኋላ መጥቼ እዚያው ካንቺ ጋር ልኑር። ውሃ እቀዳልሻለሁ። ከፈለግሽ እያየሁሽ አፍሺው፣ ደግሜ እቀዳለሁ።

እምቢ ማለትም ትችያለሽ። ያኔ አንቺን ማንም አልጠየቀሽም፤ እኔ ግን እየጠየቅኩሽ ነው።

አኸዛ